በሪፖርት አለን፣ በበጀት የለንም፦ ለወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ ግልጽ ደብዳቤ

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ የወረዳችን ዋና ሥራ አስፈጻሚ

ግልባጭ፦ ለወረዳው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ ለወረዳው ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ «ራሱን ችሏል» ተብሎ ከድጋፍ ስለወጣው የሰፈራችን የጋራ አትክልት ቦታ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍልዎት የሰፈራችን የጋራ አትክልት ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። የወረዳውን ቁጥር ያልጻፍኩት አውቄ ነው። እርስዎ ያውቁታል፣ እኛም እናውቀዋለን። በሌላ ወረዳ ያለ ሰው ሲያነበው ስለ እሱ ሰፈር የተጻፈ ከመሰለው ደግሞ ይምሰለው።

መስከረም መጨረሻ ላይ ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው። ፍሬ ነገሩ ሁለት መስመር ነው። ማኅበራችን «በተደረገለት ተከታታይ ድጋፍ ራሱን የቻለ ሞዴል» ስለሆነ ከ2018 በጀት ዓመት ጀምሮ ምንም ዓይነት የግብዓትም የመሠረተ ልማትም ድጋፍ አያገኝም ይላል። ጥር ላይ ያስገባነው የውሃ ቆጣሪ ጥያቄም በዚሁ ተዘግቷል።

ከደብዳቤው ጋር የአፈጻጸም ሪፖርት ቅንጫቢ ተያይዟል። መጀመሪያ ሳነበው የሌላ ሰፈር ወረቀት በስህተት የመጣ መሰለኝ። ሮቶ ተሰጥቷል። 1,200 ችግኝ ተሰራጭቷል፣ የጽድቀት መጠኑም 95 በመቶ ነው። የውሃ መስመር ዝርጋታ በሂደት ላይ ነው። የገበያ ትስስር ተፈጥሯል። እንዲህ የሆነለት ማኅበር ቢኖር እኔም ከድጋፍ አስወጣው ነበር።

ችግሩ ይህ ነው። በሪፖርት ላይ አለን፣ በበጀት ላይ የለንም። ያልተሰጠን ነገር እንደተሰጠን ስለተጻፈ፣ ሊሰጠን የሚገባው ቀረ። ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን ልናገር። ከብሎኮቻችን አጥር ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ 380 ካሬ ሜትር ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. ድረስ የግንባታ ፍርስራሽ መጣያ ነበር። ሌሊት ሌሊት ጭነት መኪና እየመጣ ይደፋበት ነበር። በመዋጮ ስድስት ሲኖትራክ ፍርስራሽ አስወጣን። ከመንገድ ሥራ የተረፈ ጥቁር አፈር ለምነን አስመጣን። ዛሬ 42 ቤተሰብ አለን። ጡረተኛ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የታክሲ ሹፌር አለ። እናታቸው ሥራ ስትውል አያታቸው ጋ የሚውሉ ልጆች አሉ፣ ቀይ ሥር ከመሬት ውስጥ እንደሚወጣ ያወቁት እዚህ ነው። መደቡ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ባሮ ሽንኩርት አለ። ጠርዝ ጠርዙን በሶብላ፣ ጤና አዳምና የሥጋ መጥበሻ ተክለናል። አሠራራችን የእድር ነው። ደብተር አለ፣ ቁጥጥር አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ያልመጣ 50 ብር ይቀጣል። ቅጣቱን የሚወድ የለም፣ እኔን ጨምሮ።

«ራሳችሁን ችላችኋል» ስለተባልን ሒሳባችንን እዚሁ ላውጣው።

አንድ ቤተሰብ በወር 100 ብር ይከፍላል። 42 ቤተሰብ በ12 ወር 50,400 ብር ማለት ነው። ሌላ ገቢ የለንም። ምርቱን የምንበላው እንጂ የምንሸጠው አይደለም። ለ2017 ያቀድነው ወጪ ለውሃ 14,400፣ ለማታ ጥበቃ ድጎማ 12,000፣ ለሁለት አይሱዙ ፍግ ከነማራገፊያው 14,000፣ ለዘርና ችግኝ 5,200፣ ለጎማና ለእጅ መሣሪያ 3,800 ነበር። ድምሩ 49,400 ብር ነው። የምትተርፈው 1,000 ብር «መጠባበቂያ» ትባላለች። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ምን እንደደረሰባት በኋላ እነግርዎታለሁ።

እንግዲህ ወደ ሮቶው።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ «ጉብኝት አለ፣ ቦታውን አሳምሩ» ተባልን። ጉብኝቱ ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ቦቴ መጣ። በአንድ ዓመት ውስጥ የመጣልን ብቸኛ ቦቴ ይህ ነው። ሹፌሩ ቸኩሎ ስለነበር በወፍራሙ ቱቦ ለቀቀው። ሁለት የካሮት መደብ ከነዘሩ ታጥቦ ሄደ። ቀሪው ጭቃ ሆነ። ከቦቴው ኋላ በፒክአፕ አንድ ባለ 5,000 ሊትር ጥቁር ሮቶ ደረሰ። ማቆሚያ የለው፣ ቧንቧ የለው፣ ቧንቧውን የሚያገናኙበት መስመርም የለው። ባዶ መሬት ላይ አቆሙት። አንዱ ልጅ በመዳፉ ሲመታው እንደ ከበሮ ጮኸ።

ያን ዕለት ወረቀት መጣልኝ። ዕቃ የተረከብኩበት ሰነድ፣ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ የሆነበት። «ቧንቧውስ? ማቆሚያውስ?» አልኩ። «እሱ ሰኞ ይመጣል፣ አንቺ ፈርሚ» ተባልኩ። ፈረምኩ። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዲነግርዎት ስለማልፈልግ ነው። ፊርማው የእኔ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው።

በማግስቱ እንግዶች መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነክቶት ነበር፣ ግን ቅር አላላቸውም። ፎቶ ተነሱ። አንድ እንግዳ ከማኅበራችን በዕድሜ ትልቋ ለሆኑት እማማ «የውሃ ጉዳይ እንዴት ነው?» አሏቸው። እማማ መደቡን አዩ፣ ሮቶውን አዩ፣ «ዛሬማ አለ ልጄ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። መልሱ ግን እንደ ቀልድ ተወሰደ።

ሰኞ ማንም አልመጣም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ፒክአፕ መጣ። ለሌላ ቦታ ጉብኝት «በውሰት» ነው ብለው ሮቶውን ጭነው ሄዱ። ለውሰቱ ወረቀት አልሰጡንም። እስከ ዛሬም አልተመለሰም። ወረቀት ላይ ግን እኛ ጋ ነው፣ በእኔ ፊርማ።

የሮቶው ነገር የሚያስቆጣኝ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ቢኖርም አይበቃም ነበር። ይህን ሒሳብ ማንም ባለሙያ ሊያየው ይችላል። 380 ካሬ ሜትሩ ውስጥ መንገዱን ስንቀንስ መደቡ 260 ካሬ ሜትር ነው። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ቢያንስ 4 ሊትር ይፈልጋል። ድምሩ በቀን 1,040 ሊትር ነው፣ በ20 ሊትር ጀሪካን 52 ጀሪካን። አምስት ሺህ ሊትር ሮቶ ሙሉ ቢሆን እንኳ አምስት ቀን አይሞላም። ጣራ ላይ የሚወርደውን ዝናብ እንያዝበት ብንልም ያው ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 4,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሮቶው በሁለት ዝናብ ይሞላል። ግን የሚሞላው አትክልቱ ውሃ በማይጠማበት ወር ነው። ጥር ላይ ባዶ ነው።

እኛ የጠየቅነው ቆጣሪ ነው። አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ በማኅበሩ ስም። አሁን የምንጠቀመው ከብሎኩ የጋራ ቆጣሪ ነው። የከተማው የውሃ ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ሜትር ኩብ ዋጋ እያስወደደ የሚሄድ ነው። የእኛ ጎመን ሲጠጣ የጎረቤት ሻወር ይወደዳል። ባለፈው ሚያዝያ አንድ ጎረቤት ሂሳቡን ይዞ መጥቶ «እኔ ሰላጣ አልበላም፣ ለምን እከፍላለሁ?» አለኝ። ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ከማኅበሩ ካዝና ልዩነቱን ከፈልን፣ ግን የትኛው ሊትር የማን እንደሆነ በትክክል ማስላት አልቻልንም። ውሃ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ይብሳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞላው የሰው ባልዲ ነው፣ ጎመን ተራው አይደርሰውም። ልክ ነው።

ቆጣሪ ግን ፎቶ አይነሳም። ሮቶ ይነሳል። ይመስለኛል ነገሩ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ስለ ውሃ ላመለክት ስሄድ ከቢሮ ያለ ሰው «ከታች ያለው ወንዝ አለ አይደል? በፓምፕ ሳቡ» አለኝ። በደግነት ነው ያለው፣ አልጠራጠርም። ግን ወንዙ ወደ አቃቂ የሚገባ ነው። የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይገባበታል። በአቃቂ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች እንዳገኙበት ተጽፏል። ይሄ ደግሞ በሎሚና በጨው አጥበው የሚያስወግዱት አይደለም፣ ቅጠሉ ውስጥ ነው። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣማ የሆድ በሽታውም ይጨመርበታል። በ42 ቤተሰብ ስብሰባ ተወያይተን ከወንዙ አንድ ጀሪካን እንዳይገባ በቃለ ጉባኤ ወሰንን። ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሎናል። ጥርና የካቲት ላይ መደቡን በግማሽ እንቀንሳለን።

ሁለተኛው ጉዳይ የችግኙ ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው 1,200 ችግኝ እውነት መጥቷል። የመጣው ሰኔ 26 ቀን ነው። ቲማቲም ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሜዳ ላይ ቲማቲም በክረምት መትከል ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እርጥበትና ብርድ ሲገጥም ምች የሚባለው በሽታ ይመታዋል። ችግኙን ያመጣው ሹፌር ራሱ ያውቃል። «እኔ ምን ላድርግ፣ ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፣ አራግፉልኝ» አለ። በጀቱ ሳይመለስ መግዛት ነበረባቸው። ያን ሳምንት ደግሞ ነጋዴው ጋ የነበረው ቲማቲም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቲማቲም በመስመር መካከል 1 ሜትር፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። 1,200 ችግኝ 360 ካሬ ሜትር ነው። መደባችን 260 ነው፣ እሱም ላይ ድንችና ጎመን ነበር። አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ስንት ካሬ አላችሁ?» ቢለን ይበቃ ነበር። ሦስት መቶውን እዚህም እዚያም ሸጎጥነው። የቀረውን ለጎረቤት አደልን፣ በባልዲ፣ በተሰበረ ሳፋ፣ በቀለም ቆርቆሮ። ሐምሌ ሳያልቅ ቅጠሉ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቆረ። በሽታው ከቲማቲሙ ወደ ድንቹ ተሻገረ። ሁለቱንም የሚመታው አንድ በሽታ ነው። ድንቹ ያለ ቲማቲሙም ሊመታ ይችል ነበር፣ ክረምት ነው፣ ያን አልክድም። ግን ዓምና ከዚያው መደብ ሁለት ኩንታል ድንች አውጥተናል። ዘንድሮ አንድ ኩንታል እንኳ አልሞላም። 95 በመቶ ጽድቀት የተባለው የት እንደጸደቀ ብናውቅ ሄደን እናየው ነበር።

የቲማቲም ችግኝ የምንፈልገው አሁን ነው፣ ዝናቡ ሲያባራ። ጥቅምት ላይ ሄደን ስንጠይቅ የምንሰማው መልስ በየዓመቱ አንድ ነው። «የዘንድሮው በጀት ገና አልተለቀቀም።» የመንግሥት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአትክልት ዓመት ግን ሁለት ጊዜ ነው የሚጀምረው፣ አንዱ በክረምት መግቢያ፣ አንዱ በበጋ መግቢያ። በጀቱ ሁለቱንም ያመልጣቸዋል። በመጀመሪያው ሒሳብ እየተዘጋ ነው፣ በሁለተኛው ገና እየተከፈተ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ባለሙያ ሳልናገር ማለፍ ግፍ ይሆናል። ለሁለት ዓመት የከተማ ግብርና ባለሙያችን የነበረችው ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣ ነበር። በራሷ የታክሲ ብር። ክሽክሽ የሚባለውን ተባይ በሳሙና ውሃ መርጨት ያስተማረችን እሷ ናት። የኮምፖስቱን ሦስት ጉድጓድ ያስቆፈረችን እሷ ናት። ጎመን በጎመን ላይ ደግማችሁ አትትከሉ ብላ መደቡን በአራት ከፍላ፣ ቅደም ተከተሉን በካርቶን ላይ ጽፋ ሰጥታናለች። ካርቶኑ አሁንም የዕቃ ቤቱ በር ላይ አለ። ለወረዳው በሙሉ አንድ እሷ ነበረች። የትራንስፖርት አበል ስትጠይቅ የለም ተባለች። ግንቦት ላይ ተዛወረች። ምትክ አልመጣም። ሪፖርቱ ላይ «ተከታታይ ሙያዊ ድጋፍ» የተባለው የዚያች ልጅ የታክሲ ብር ነው።

ሦስተኛው፣ እኛ የሰጠነው ነው። ስለተሰጠን ብዙ ተጽፏል፣ ስለሰጠነው ግን አንድ መስመር የለም።

ባለፈው ገና ዋዜማ ወረዳው ባዛር አዘጋጀ። ማሳያ የሚሆን ጎመንና ቆስጣ አምጡ ተባልን። 60 ኪሎ ወሰድን። ከባዛሩ በኋላ አትክልቱም አልተመለሰ፣ ዋጋውም አልተከፈለ። «የገበያ ትስስር» የተባለው ይሄ ይመስለኛል። ለድንኳን ኪራይ ደግሞ 5,000 ብር አዋጡ ተባልን። ከዓመት ገቢያችን አንድ አሥረኛው ነው። ከፈልን። ሞዴል 64 የሚባለውን የመንግሥት የገንዘብ ደረሰኝ ስጡኝ ብዬ ጠየቅሁ። በእጅ የተጻፈች፣ ማኅተም የሌላት ብጣሽ ወረቀት ተሰጠኝ። በዓመቱ መጨረሻ የቁጥጥር ኮሚቴያችን ደብተሩን ሲያይ እሷ ወረቀት ላይ ቆመ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «ይቺ ምንድን ናት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። 5,000 ብሩ በደብተራችን ላይ እስከ ዛሬ «ያልተወራረደ» ተብሎ ተጽፏል፣ በስሜ።

ያቺ 1,000 ብር መጠባበቂያ የሄደችው እንግዲህ እዚያ ነው። የጎደለው 4,000 ከመሣሪያው በጀት ወጣ፣ አልበቃም፣ ከፍጉ ተጨመረ። አዲስ ጎማ አልገዛንም። አሮጌውን ስድስት ቦታ ላይ በካላማዳሪያ ቁራጭ አሥረነዋል። ውሃ ሲለቀቅ እንደ ወንፊት ይረጫል፣ ልጆቹ ይወዱታል፣ ውሃው ግን የሚወርደው መንገዱ ላይ ነው።

አራተኛ፣ መሬቱ። በ2014 የተሰጠን ደብዳቤ ቦታውን «ለጊዜው» እንድንጠቀም ይላል። ለጊዜው ማለት ስንት ነው? አራት ዓመት ሆነን። ከዚያ ወዲህ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ሊሆን ነው፣ ለወጣቶች ሼድ ሊሆን ነው ሲባል ሦስት ጊዜ ሰምተናል። ሦስቱንም የሰማነው ከሰው እንጂ ከጽሕፈት ቤትዎ አይደለም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ቦታ ሊፈልግ እንደሚችል እንረዳለን። ግን በዚህ ዓይነት ማንም ሰው ለሦስት ዓመት የሚሆን ነገር አይሠራም። አቮካዶ ልንተክል አስበን ተውነው። ቋሚ የቧንቧ መስመር ለመቅበር አባላት ተጨማሪ 500 ብር ሊያዋጡ ተስማምተው ነበር፣ «ነገ ቢያስነሱንስ?» የሚል ጥያቄ ተነሳና ቀረ። በጀት ማውጣት የሚቻለው ነገ መኖርህን ስታውቅ ነው።

አምስተኛውን ባጭሩ። የወረዳው በጀት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ተዘጋጅቶ በማስታወቂያ ሰሌዳ መለጠፍ አለበት። ሐምሌ ላይ ሄጄ ሰሌዳውን አየሁት። የ2015 በጀት አለ፣ ፀሐይ በልቶታል። ከጎኑ የክፍት ሥራ ማስታወቂያ፣ የጠፋ የቀበሌ መታወቂያ፣ የአንድ ሠርግ ጥሪም ነበረ። ለከተማ ግብርና ስንት እንደተያዘ፣ ከዚያ ውስጥ ለጉብኝትና ለባዛር ስንት፣ ለግብዓት ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር አላገኘሁም። ስጠይቅ «ለምን ፈለግሽው?» ተባልኩ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይላል። ለዚህ ነው የፈለግሁት።

ከሌማት ትሩፋት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2015 ወዲህ፣ በየስብሰባው «ጓሮህን አልማ» እንባላለን። እናለማለን፣ ስንፍናም አልታየብንም። ግን ራሳችንም ንጹሕ አይደለንም። ፎቶ ሲነሳ ፈገግ ብለናል። ሪፖርት ሲጻፍ «ይሁን፣ ነገ ይጠቅመናል» ብለን ዝም ብለናል። እኔ ፈርሜያለሁ። ደጃፉ ላይ ቆሞ ለእንግዳ «ቤቴ ምንም አይጎድለውም» እንደሚል ሰው ነው ያደረግነው። አሁን ያ ዝምታ ደብዳቤ ሆኖ መጣብን።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት ሪፖርቱ ይታረም። ሮቶው የት እንዳለ ተጣርቶ ወይ ይመለስ ወይ ከስማችን ይውረድ። እኔ የፈረምኩበትን ሰነድ ይዤ፣ በተጠራሁበት ቀን ቀርቤ የሆነውን እናገራለሁ። የችግኙ ጽድቀትም በቦታው ተቆጥሮ ይጻፍ። ዜሮም ቢሆን።

ሪፖርቱ ከታረመ «ራሱን ችሏል» የተባለበት ምክንያት ይፈርሳልና የመስከረሙ ውሳኔ እንደገና ይታይ።

ሮቶ አንጠይቅም። በማኅበሩ ስም ለብቻው ቆጣሪ እንዲገባልን የድጋፍ ደብዳቤ ለውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ይጻፍልን። የቧንቧውን ቁፋሮ ጉልበት እኛ እንሸፍናለን። ወርሃዊ ሂሳቡንም እኛ እንከፍላለን፣ እስከ ዛሬም የከፈልነው እኛው ነን። የምንፈልገው ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ወረቀትና የመስመር ማስገቢያውን ወጪ ነው። ምን ያህል እንደሆነ ግምቱ ጥር ላይ ካስገባነው ማመልከቻ ጋር ተያይዟል።

የዘርና የችግኝ ግዢ ከሰኔ መጨረሻ ይውጣ። የበጋው ችግኝ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ የክረምቱ እስከ ግንቦት አጋማሽ ቢደርስ ይበቃናል። ይህ ካልተቻለ ከመግዛታችሁ በፊት ምን እንደምንፈልግና ስንት ካሬ እንዳለን ይጠየቅ። በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነው።

የመሬቱ ነገር በጽሑፍ ይሁን። ቢያንስ የሦስት ዓመት የመጠቀሚያ ውል፣ ቦታው ለሌላ ቢፈለግ ደግሞ የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ። ቆሞ ያለ ሰብል ሳይነሳ እንዳያርሱብን ነው።

ከአሁን በኋላ ሞዴል 64 የሌለው መዋጮ አንከፍልም። ለባዛር አትክልት ከተፈለገ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እንሸጣለን፣ ለእናንተ ስንል ከዚያ በትንሹ እንቀንሳለን። የ5,000 ብሩ ደረሰኝ ይሰጠኝ፣ ስሜ ከደብተሩ ላይ ይነሳ።

ምትክ ባለሙያ ይመደብልን፣ የትራንስፖርት አበሏም ወይም አበሉም ይታሰብ።

የ2019 ዕቅድ ሲዘጋጅ የወረዳው አትክልት ማኅበራት ከሰኔ በፊት፣ ቁጥሩ ሳይዘጋ ይጠሩ። ሲያልቅ ለማዳመጥ ሳይሆን።

መልሱን በደብዳቤ እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ውሃ ካገኘን ቆስጣና ካሮት እንዘራለን፣ ካላገኘን መደቡን እናሳንሳለን። የገቢና ወጪ ደብተራችን፣ የአራቱ ዓመታት ቃለ ጉባኤ፣ የችግኙና የጎማው ፎቶ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አሉ። እርስዎም ሆኑ የሚወክሉት ሰው ሳያሳውቁን ቢመጡ ደስ ይለናል። ቦቴ ሳይቀድም።

ከአክብሮት ጋር

የሰፈሩ የጋራ አትክልት ማኅበር ገንዘብ ያዥ
በ42ቱ አባል ቤተሰቦች ስም